የከተማ ኑሮ ጥያቄና መልስ፦ ሳይክል፣ ኪራይ፣ ባጃጅና የእግረኛ መንገድ

ሰሞኑን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከሐይቅና ከቆቦ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ስድብ የነበረባቸውንም አለዝቤያለሁ። ስም አልጠቅስም። ጠያቂው ራሱን ያውቃል።

ጥያቄ፦ (ከኮምቦልቻ) ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የምሠራው። የባጃጅ ሒሳብ ደሞዜን እየጨረሰው ስለሆነ ሳይክል ገዛሁ። ማታ ከፈረቃ ስወጣ ግን ተሳቢዎቹ ያስፈሩኛል። ጠርዙን ይዤ ልሂድ ወይስ ፊት ለፊት እያየኋቸው በግራ ብነዳ ይሻላል?

መልስ፦ በግራ አትንዳ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሃት ያየዋል፣ ግን አደገኛ ነው። አንተ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ መኪናው 40 ቢሄድ፣ ፊት ለፊት ስትመጡ በ55 ነው የምትቀራረቡት። በአንድ አቅጣጫ ከሆናችሁ ልዩነታችሁ 25 ብቻ ነው። ሹፌሩ አንተን አይቶ ለመወሰን ጊዜ የሚያገኘው ያኔ ነው። ከውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚወጣ ባጃጅም በዚያ በኩል ሳይክል ይመጣል ብሎ አይጠብቅም፤ ዞሮም አያይም።

ቀኝህን ያዝ፣ ግን ጠርዙ ላይ አትለጠፍ። ጠርዙ ላይ አሸዋና ጠጠር ይጠራቀማል፤ የጎርፍ መውረጃው ክዳን ደግሞ ብዙ ቦታ የለም። ከቆሙ መኪኖች አጠገብ ስታልፍ በር ሊከፈትብህ ስለሚችል አንድ ሜትር ያህል ራቅ በል። ጉድጓድ ካየህ በድንገት ወደ መሃል አትግባ፤ ቀድመህ ወደኋላ ተመልከት፣ እጅህን ዘርግተህ አሳይ፣ ከዚያ ግባ።

ተሳቢን በተመለከተ ይህን ያዝ፦ የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላየኸው እሱም አንተን አያይህም። ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል በቀኙ ገብተህ ለማለፍ አትሞክር። ሲታጠፍ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ቆርጦ ስለሚመጣ ከእግረኛው መንገድ ጋር ያጣብቅሃል። ኮምቦልቻ ላይ የአዲስ አበባ መቀሌ መንገድ ከባቲና ከሚሌ ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። ከጅቡቲ ጭኖ የመጣው ሹፌር ሲነዳ ውሎ ደክሞት ሊሆን ይችላል። አይቶኛል ብለህ አትተማመን።

ለማታ ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ መብራት ያስፈልግሃል፤ የሚያንጸባርቅ ሰደርያም ጨምርበት። ሄልሜትም ግዛ። ልክህ ይሁን፣ ግንባርህን ይሸፍን፣ ማሰሪያው ይታሰር። አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ከዚያ በኋላ አታድርገው።

ይህን ሁሉ ግን አንተ ላይ ጭኜ ዝም ማለት አልፈልግም። ፋብሪካ ሲተከል ለጭነቱ አስፋልት ተዘረጋ። ለሠራተኛው በእግርና በሳይክል የሚሄድበት መብራት ያለው ጠርዝ አብሮ መሠራት ነበረበት። ኮምቦልቻ ሜዳማ ናት፤ በወሎ ውስጥ ሳይክል እንደ ልብ ሊነዳባቸው ከሚችሉ ከተሞች አንዷ ነች። ፈረቃ የምትጋሩ ሠራተኞች ሰብሰብ ብላችሁ ከሰዓቱ ጋር ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አቅርቡ። አንድ ሰው ሲጠይቅ አቤቱታ ይባላል፣ ሃምሳ ሠራተኛ ፈርሞ ሲያመጣ ግን አጀንዳ ይሆናል።

ጥያቄ፦ (ከደሴ) ከጓደኞቼ ጋር በሐረጎ በኩል እስከ ኮምቦልቻ በሳይክል ልንወርድ አስበናል። ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ ባትወርዱ እመክራለሁ። ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ያወርዳል፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ጠርዝ የለውም፣ ከኋላችሁ የሚመጣው ከባድ መኪና ፍሬኑ የጋለ ሊሆን ይችላል። እምቢ ካላችሁ ደግሞ የፍሬን ላስቲኩን ቀይሩ፣ ፍሬን ጨምቃችሁ አትቆዩ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ፣ በየመሃሉም ቆማችሁ ፍሬኑ የሚይዘው የጎማው ክብ ብረት እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ሹፌሮችም ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ሐረጎን በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥታችሁ፣ አትውረዱ። በከባድ ማርሽ ያዙት።

ጥያቄ፦ (ከደሴ) አከራዬ በዓመት ሁለቴ ጨመረብኝ። አሁን ደግሞ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል፣ ካልሆነ ልቀቅ አለኝ። ውል የለንም፣ በቃል ነው። መብት አለኝ?

መልስ፦ አለህ፣ ግን ውል ስለሌለህ ማስረዳቱ ያለፋሃል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ጣሪያ ልክ ነው። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ እና ክልሎች ይተግበርባቸው ብለው በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከተማ አስተዳደሩ ሂድና በደሴ እንዴት እየተተገበረ እንደሆነ ጠይቅ። ወሬ ይዘህ ከአከራይህ ጋር አትጣላ።

እስከዚያው ቀለል ያሉ ነገሮችን አሁኑኑ አድርግ። ኪራይህን ከእንግዲህ በእጅ አትስጥ፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ላክ፣ ምክንያቱ ላይ «የዚህ ወር ኪራይ» ብለህ ጻፍ። ያለፈውንም የምታስታውሰውን ያህል በቀን መዝግብ። አከራይህን በጨዋ ደንብ «ጋሼ፣ ወረቀት እንጻፍ፣ ለሁለታችንም ይበጃል» በለው። ወሎ ውስጥ አከራይና ተከራይ ቡና የሚጣጡ፣ በዓል የሚጠራሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ነገር በሽማግሌ ይፈታል። ሽማግሌው ከፈታው በኋላም ቢሆን ወረቀት ይጻፍ። ጠበቃ ብታማክርም አይከፋም።

ጥያቄ፦ (ከቆቦ) ጋሪ ከአስፋልት ይከልከል ትላለህ?

መልስ፦ አልልም። የራሱ ጠርዝና ማቆሚያ ይሰጠው፣ ማታ ከኋላው የሚያንጸባርቅ ነገር ይለጠፍለት፣ ፈረሱም ከአቅሙ በላይ አይጫን።

ጥያቄ፦ (ከደሴ) ባልና ሚስት ነን፣ ሁለታችንም ፒያሳ አካባቢ እንሠራለን። ፒያሳ አጠገብ ያለው ክፍል ውድ ነው። ቦሩ ሜዳ በኩል በግማሽ ዋጋ ሰፋ ያለ ቤት አገኘን። እንግባበት?

መልስ፦ ኪራዩን ብቻ አትዩ። ኪራይና ትራንስፖርት አንድ ሒሳብ ነው፤ ለየብቻ ሲታዩ ግን ያታልላሉ።

ቁጥሩን የራሳችሁን አስገቡበት፣ እኔ ለምሳሌ ብቻ ልያዝ። ፒያሳ ያለው 6,000፣ ሩቁ 3,500 ብር ቢሆን፣ በወር 2,500 ተረፈ ትላላችሁ። ሁለት ሰው ደርሶ መልስ፣ በአንድ ጉዞ 20 ብር፣ በወር 26 የሥራ ቀን ብንል 2,080 ብር ነው። የተረፈው 420 ብር ብቻ ሆነ። መንገዱ ሁለት መኪና የሚያስይዝ ከሆነ ደግሞ ትራንስፖርቱ 4,160 ይደርስና ሩቁ ቤት ከፒያሳው ይበልጣል። በዚህ ላይ ሲመሽ ታክሲ ሲጠፋ የምትይዙትን የኮንትራት ባጃጅ፣ ልጅ ሲታመም የምትሄዱበትን መንገድ፣ በሰልፍ የምትቆሙትን ሰዓት ጨምሩ። ነዳጅ ደግሞ መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ድጎማውን ቀስ በቀስ እየቀነሰ መምጣቱን አትርሱ። ዛሬ 20 የሆነው ነገ እዚያው ይቆያል ብላችሁ አታቅዱ።

ልጆች ኖረዋችሁ ሰፊ ቤት የግድ ካስፈለጋችሁ ወይም አንዳችሁ እዚያው አካባቢ ሥራ የምታገኙ ከሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ያኔ ግቡበት። ካልሆነ ግን ጠባብ ቢሆንም በእግር የሚደረስበትን ክፍል እመርጣለሁ።

ከተማ አስተዳደሮችም ይህን ሒሳብ ቢሠሩ ደስ ይለኛል። ለቤት ማህበራት ቦታ ከከተማው ዳር ይሰጥና መንገድና ውሃ ከዓመታት በኋላ ይመጣል። የአስተማሪው፣ የነርሷ፣ የሱቅ ሠራተኛው ቤት በርካሽ ተገኘ ይባላል፤ ልዩነቱን ግን ዕድሜ ልካቸውን በባጃጅ ሲከፍሉት ይኖራሉ። ቦታ ከመሰጠቱ በፊት «ሰዎቹ በምን ይሄዳሉ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ጥያቄ፦ (ከሐይቅ) ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚሄደው ባቡር ሥራ ሲጀምር ዋጋው ይጨምራል ብዬ በመስመሩ አካባቢ ቤት ልግዛ?

መልስ፦ ለባቡሩ ብለህ አትግዛ። ግንባታው ከተጀመረ አስር ዓመት አልፎታል፣ ጦርነቱም ጎድቶታል። ዛሬ ባለው መንገድና ትራንስፖርት የሚያዋጣህ ቤት ከሆነ ግዛ።

ጥያቄ፦ (ከወልድያ) ከሳይክል ወድቄ ጭንቅላቴን ተመታሁ። ለትንሽ ጊዜ ራሴን ስቼ ነበር አሉኝ። አሁን ደህና ነኝ፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ብቻ ነው ያለኝ። የትኛውን ሄልሜት ልግዛ?

መልስ፦ ሄልሜቱ ይቆይ። ይህን እንዳነበብክ ሆስፒታል ሂድ። ጭንቅላት ተመትቶ ራስን መሳት፣ ከዚያ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ፣ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ሰው ደህና ነኝ እያለ ከሰዓታት አልፎም ከቀናት በኋላ ሊወድቅ ይችላል። ብቻህን አትሂድ፣ ሳይክልም ሞተርም አትንዳ። ወልድያ ያለው ሆስፒታል ከመረመረህ በኋላ ሲቲ ስካን ያስፈልግሃል ብሎ ወደ ደሴ ከጻፈልህ «ነገ እሄዳለሁ» አትበል። እንቅልፍ ካበዛህ፣ ንግግርህ ከተንተባተበ፣ አንድ እጅህ ወይም እግርህ ከደከመ ወይም ማስመለሱ ካላቆመ ደግሞ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ቤተሰቦቹ ይህን የምታነቡ ከሆነ አትጠብቁት፣ ይዛችሁት ሂዱ።

ጥያቄ፦ (ከደሴ) የባጃጅ ሹፌር ነኝ። በየጽሑፍህ እኛን ብቻ ትወቅሳለህ። ነዳጅ በሰልፍ፣ መለዋወጫ በእሳት ዋጋ፣ ማቆሚያ የለን። አራተኛ ሰው ባንጭን ምን እንበላለን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የተናገርከው እውነት ነው። ደሴ ላይ ባጃጅ ባይኖር ዳገት ላይ የሚኖሩ እናቶች ገበያ አይወጡም ነበር። ለሰኞ ገበያ ሸቀጥ የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው፣ በሌሊት ምጥ የያዛትን ሆስፒታል የሚያደርሰውም እሱ ነው። ማቆሚያ ሳይሰጡ «መንገድ ዘጋችሁ» ብሎ መቅጣት ግፍ ነው። በየሰፈሩ መግቢያ ቀለም የተቀባ፣ ከመታጠፊያው ራቅ ያለ የባጃጅ ማቆሚያ ሊኖር ይገባል። ይህን ማህበራችሁ ሲጠይቅ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ።

አራተኛው ሰው ግን አይሆንም። ባጃጅ የተሠራው ለሹፌርና ለሦስት ተሳፋሪ ነው። ፊት አንድ ጎማ ስላለው ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ለመገልበጥ ቅርብ ነው፤ ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ደግሞ መሪውን እንደ ልብ እንዳታዞር ያደርግሃል። ቁልቁለት ላይ የተጨመረው ክብደት ሁሉ ፍሬንህ ላይ ነው የሚያርፈው። ታሪፉ አያዋጣም ካልክ፣ እሱን ተነጋገሩበት፤ ተሳፋሪውም ለትክክለኛ ታሪፍ ይከራከርልህ። በተሳፋሪው ነፍስ ማካካስ ግን መፍትሔ አይሆንም።

ጥያቄ፦ (ከደሴ፣ ከአንዲት እናት) ሦስት ልጆቼ በእግር ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። የእግረኛው መንገድ ላይ አሸዋ ተከምሯል፣ ሸቀጥ ተዘርግቷል፣ መኪና ቆሟል። ልጆቹ አስፋልት ላይ ነው የሚሄዱት። እስኪመለሱ ልቤ አያርፍም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እትዬ፣ ስጋትዎ የብዙ እናት ስጋት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ደሴ አንድ ትልቅ ችግር ይዛ ነው ያደገችው። በአንድ በኩል ጦሳ ተራራ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል፣ መሃል ላይ ጠባብ ቦታ። ያቺው ጠባብ ቦታ ላይ ያለው ዋና አስፋልት ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና መቀሌ የሚያልፈው የአገር መንገድ ነው። ስለዚህ ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የመጣ አውቶቡስና ዳቦ ሊገዛ የተላከ ልጅ አንድ መንገድ ይጋራሉ። ለአውቶቡሱ ሰፊ አስፋልት ተሠራለት። ለልጁ የተረፈው ጠርዝ ነው፣ እሱም ተወሰደበት።

የከተማ መንገድ ሲታቀድ መጀመሪያ መቆጠር ያለበት እግረኛ ነው ብዬ አምናለሁ። አብዛኛው ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። ታክሲ የያዘውም ቢሆን ከታክሲው ወርዶ እግረኛ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ሳይክል ነጂና ሞተረኛ ነው። እዚህ አገርም ትራንስፖርት ሚኒስቴር ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ፣ ለእግረኛና ለሳይክል ቅድሚያ የሚሰጥ ስትራቴጂ አውጥቷል። ወረቀቱ አለ። ሰፈር ድረስ መውረድ ነው የቀረው።

ከሁሉም በላይ ፍጥነት ነው የሚገድለው። በሰዓት 50 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሹፌሩ ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ስለዚህ መኪናው ገና መቀነስ ሳይጀምር 14 ሜትር ሄዷል። በ30 ቢሆን 8 ሜትር ነው። የሚመታበት ኃይልም በ50 ሲሆን ከ30 ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። የኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ ፍጥነት ቀንሳ፣ መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ አሳንሳ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. አንድም እግረኛ፣ አንድም ሳይክል ነጂ ሳይሞትባት ዓመቱን ጨርሳለች። እነሱ ሀብታም ናቸው ይባላል። ትምህርት ቤት በር ላይ ጉብታ ለመሥራትና ዜብራ ለመቀባት ግን ሀብታም መሆን አይጠይቅም።

ነጋዴዎቹን አሳድዳችሁ አባርሩ የሚለውን አልደግፍም። ጠርዝ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋ እናትም ልጆች አሏት። ለክቶ፣ መስመር አስምሮ፣ ሁለት ሜትር ያህል ለእግረኛ ነጻ አድርጎ የተረፈውን ለእሷ መስጠት ይቻላል። ቦታ ከጠፋም ቅርብ የሆነ የሰፈር ገበያ ይሰጣት። አሸዋና ጠጠር የከመረው ግን ሌላ ነው። ቤት የሚገነባ ሰው አቅም አለው፤ ቁሳቁሱን ግቢው ያስገባ፣ ካልሆነ ይቀጣ። መኪናውን የእግረኛ መንገድ ላይ የሚያቆመውም እንደዚያው።

ደግሞ ደረጃዎቻችንን አንርሳ። ከዳገት ሰፈሮች ወደ ታች የሚያወርዱት ደረጃዎችና ቀጫጭን መንገዶች የደሴ እውነተኛ መንገዶች ናቸው። መደገፊያ ብረት፣ አንድ አምፖል፣ በጎኑ የጎርፍ መውረጃ ቢኖራቸው ልጆች ከአስፋልቱ ይርቃሉ፣ አሮጊቶችም በክረምት አይወድቁም። የኮሪደር ልማቱ ዋናውን መንገድ እያሳመረው ነው፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ስላመጣ አመሰግናለሁ። ከዋናው መንገድ ሃምሳ ሜትር ገባ ሲባል ግን ያው ጭቃ ከሆነ፣ ልጆቹ አሁንም አስፋልት ላይ ናቸው።

ለእርስዎ የምመክረው ይህ ነው፦ ብቻዎን ወደ ቀበሌ አይሂዱ። በትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት በኩል ያስያዙት። ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ በሩ ላይ ጉብታና ዜብራ፣ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ አንድ ትራፊክ፣ የተከመረው አሸዋ እንዲነሳ። የአሸዋውን ፎቶ ከነቀኑ አያይዙ። እስከዚያ የሰፈር ልጆች በቡድን፣ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር በተራ ይሂዱ። ከቆመ መኪና ኋላ ብቅ ብለው እንዳይሻገሩ ደጋግመው ይንገሯቸው፤ ሹፌር የልጅን ቁመት አያይም። አብሽሩ፣ ሰው ሲበዛ ይሰማል።

ጥያቄ፦ (ከወልድያ) በዊልቸር ነው የምንቀሳቀሰው። አዲስ ሕንፃ ሁሉ መወጣጫ ተሠራለት ይባላል፣ ግን ሰው ካልገፋኝ አልወጣውም። የእኔ ድክመት ነው?

መልስ፦ በፍጹም። መወጣጫው ነው የተሳሳተው። የተለመደው ልኬት ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። በሩ ሦስት ደረጃ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ካለ፣ መወጣጫው 6 ሜትር መሆን አለበት። ሜትር ይዘህ ለካውና ለሕንፃው ባለቤትና ለማዘጋጃ ቤቱ ቁጥሩን አሳያቸው።

ጥያቄ፦ (ከደሴ) የኤሌክትሪክ ሳይክል ለደሴ ዳገት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ከመግዛትህ በፊት ግን ሰፈርህ ያለው ዳገት ላይ ሞክረው፣ ፍሬኑንም ሲወርድ እይ።

ጥያቄ፦ (ከደሴ) ጦሳ ግርጌ ቤት አለኝ። ባለፈው ክረምት ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ በሩም አልዘጋ ብሏል። ግቢው ውስጥም መሬቱ ትንሽ ተከፍሏል። ከታች የሚገነባው ጎረቤቴ አፈሩን ቆርጦ ስለወሰደ ይሆናል። በሲሚንቶ ልድፈነው?

መልስ፦ አትድፈነው። ሲሚንቶው ስንጥቁን ከዓይንህ ይሰውረዋል፣ መሬቱን ግን አያቆመውም። ደሴና ዙሪያዋ የመሬት መንሸራተት የሚያጠቃቸው ናቸው። ግድግዳ ብቻ ቢሰነጠቅ የግንባታ ጉድለት ነው ልንል እንችል ነበር። በር አልዘጋ ካለ፣ መሬት ከተከፈለ፣ ከታች ደግሞ አፈር ከተቆረጠ፣ ቁልቁለቱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል።

ይህ የግንበኛ ሥራ አይደለም። መሐንዲስ፣ ከተቻለም የአፈርና የድንጋይ ባለሙያ ማየት አለበት። በጽሑፍ ለከተማ አስተዳደሩ አመልክት፣ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ተቀበል። የጎረቤትህ ቁፋሮ እንዲቆምም በዚያው ጠይቅ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አለ፤ የምህንድስና መምህራኑን ምክር መጠየቅም ይቻላል።

እነሱ እስኪመጡ የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ አስምርና ቀኑን ጻፍበት፤ በየሳምንቱ እየው። የጣሪያውን ውሃ በቧንቧ ሰብስበህ ከግቢው ርቆ ወደ ጎርፍ መውረጃው እንዲሄድ አድርግ፣ ስንጥቁ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ። ግቢ ውስጥ አዲስ ምንጭ ከፈለቀ፣ ዛፉ ወይም የመብራት ምሰሶው ካዘነበለ፣ ወይም ምልክትህ በአንድ ሳምንት ከሰፋ፣ ባለሙያ አትጠብቅ፤ ቤተሰብህን ይዘህ ውጣ። ዝናብ በበረታበት ሌሊትም ልጆቹ ዘመድ ቤት ይደሩ። መሐንዲሱ አይቶ ያለህን ጻፍልኝ።